ከሰነቴ ማዶ የሚጠበሰው ክንፍ

ለመጀመሪያ ጊዜ በረገጣችሁት ከተማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በገባችሁበት ምግብ ቤት፣ አስተናጋጇ «ምነው ጠፍተህ ከረምክ?» ብላችሁ ታውቃለች? እኔን ሮቤ ላይ ብላኛለች። ያን ጊዜ የሰው መመሳሰል ነው ብዬ ሳቅሁ። ጉዞው እየገፋ ሲሄድ ግን ሳቄ እየቀነሰ መጣ። የአጠቃላይ ሳይንስ መምህር ስለሆንኩ ነገርን ከሥሩ ጀምሮ በተራ ማስረዳት ልማዴ ነው፤ ይህንንም እንዲሁ ላስረዳ።

የምኖረው አዳማ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከአዳማ ሸቀጥ ጭኖ በሮቤና በጎባ አድርጎ፣ የሰነቴን አምባ ተሻግሮ ደሎ መና ያራግፍና ቡና ጭኖ ይመለሳል። እኛ ከተማ የዶሮ ክንፍ መብላት ፋሽን ከሆነ ሰንብቷል። በሽቦ ቅርጫት፣ በቀይ ስጎ ተለውሶ፣ ከጩኸት ሙዚቃ ጋር ይቀርባል። ጌታሁንን ስጋብዘው አንዱን ነከስ ያደርግና ያስቀምጠዋል።

«ይሄ ክንፍ አይደለም። ክንፍ ያለው ባሌ ነው» ይለኛል።

«ባሌ የት?»

«እሱን እንኳ አልነግርህም። ያንተ አፍ ከእማዬ ጆሮ አይርቅም።»

ከሁለት ዓመት በፊት ከሰነቴ ማዶ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። አስከሬኑን ከጎባ አምጥተን አዳማ ቀበርነው። እናታችን ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሁሉ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ልጄ በልቶ ነበር? ወይስ ሆዱ ባዶ ነበር?» መልስ ያለው ሰው አልተገኘም። ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላም ጥያቄው አልቆመም፤ እንጀራ ቆርሳ እጇ አየር ላይ ይቀራል። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ዶሮ ተሠርቶ አያውቅም። በፋሲካ ጎረቤት ሲልክልን እንኳ እኛ እንበላለን፣ እሷ ሽሮዋን ትበላለች።

ዘንድሮ ትምህርት ሲዘጋ ያንን ክንፍ የሚጠብሰውን ቤት ልፈልግ ተነሣሁ። ቤቱን ካገኘሁ የመጨረሻ ቀኑን የሚያውቅ ሰው አገኛለሁ ብዬ አሰብኩ። ጊዜውን በጥንቃቄ መረጥኩ፤ የሐዋርያት ጾም ተፈትቷል፣ ፍልሰታ ገና ነው። ረቡዕ እንዳይዘኝ ደግሞ ቅዳሜ ሄጄ ማክሰኞ መመለስ አለብኝ። ቤቶቹንም አስቀድሜ ለየሁ። እንደምታውቁት ክርስቲያን ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊምም ሙስሊም ያረደውን ነው የሚበላው። ጌታሁን በዚህ ቀልድ አያውቅም ነበር። ስለዚህ የምፈልገው የክርስቲያን ምግብ ቤት ነው ብዬ ፍለጋዬን በግማሽ አቀለልኩት። ስህተቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ቅዳሜ

ከአዳማ መናኸሪያ ስንነሣ ገና ጎህ አልቀደደም፤ ቢሆንም በሸሚዝ ብቻ አልበረደኝም። አዳማ በክረምትም ብርድ የሚመጣው ለይስሙላ ነው። አሰላን ካለፍን በኋላ ግን የአውቶቡሱ መስኮት በሰው ትንፋሽ ደበዘዘ፤ ዶዶላ ስንደርስ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ የነጠላዋን ጫፍ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገችልኝ። «መምህር ነህ መሰለኝ፣ ለብሰህ አልመጣህም» አለች። መምህርነቴን በምን እንዳወቀች አልጠየቅኋትም።

አዳባ ላይ ለምሳ ስንወርድ ደረቅ የመሰለኝን መሬት ረግጬ ቀኝ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ውስጥ ገባ። የአዳማ ጫማ ለአዋራ እንጂ ለባሌ ክረምት አልተሠራም። ያ ጫማ እስክመለስ ድረስ አልደረቀም። ኋላ የምነግራችሁ ነገር ስላለ ጫማዬን አስታውሱልኝ።

ዲንሾ አካባቢ ጉም ወረደ። እኛ ጋ ጉም የሚባለው የጠዋት ጭስ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይበተናል። ይሄኛው ግን በእኩለ ቀን ከጥድ ሥር እየተሳበ መጥቶ መንገዱን ዘጋው። ሹፌሩ አቀዘቀዘ። ከመንገዱ ዳር አንድ የደጋ አጋዘን ቆሞ ያየናል። ቀንዱ ጠምዛዛ፣ ጸጉሩ ረጥቧል። አልሸሸም፣ ጆሮውንም አላንቀሳቀሰም። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። ካለፍነው በኋላ ረዳቱ «እሱ ሁልጊዜ እዚሁ ነው» አለ።

ሮቤ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ ባጃጁ እንደ አዳማ ብዙ ነው፣ ሹፌሮቹ ግን ወፍራም ጃኬት ለብሰዋል። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት የጉራጌ ነጋዴ ናቸው። ጫማዬን አይተው ሳልጠይቃቸው ሙቅ ውኃ በጀሪካን አስመጡልኝ፣ አንድ ብርድ ልብስም ጨመሩ። «የቆላ ሰው እዚህ መጀመሪያ የሚታመመው በእግሩ ነው» አሉኝ። ሹፌሮች የሚበሉበትን የክርስቲያን ቤትም የጠቆሙኝ እሳቸው ናቸው።

ገና በሩን ስገባ ነው አስተናጋጇ ያንን ያለችኝ።

«ምነው ጠፍተህ ከረምክ?»

«እኔ እዚህ መጥቼ አላውቅም።»

«እሺ በለኝ» አለችና የእጅ ውኃ አመጣች። «መኪናውን የት አቆምከው?»

«መኪና የለኝም። ይልቅ የዶሮ ክንፍ አላችሁ?»

ማስታጠቢያውን ይዛ ቀጥ አለች። «አንተ እዚህ ክንፍ በልተህ ታውቃለህ እንዴ? ‹የክንፍ ቦታው ሌላ ነው› እያልክ አይደል ትተህልን የምትሄደው? ክንፎ ብለን ስም ያወጣንልህ ለምን ይመስልሃል?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ወንድሙ ነኝ፣ እሱ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው አልኳት። አላለቀሰችም፤ ቀስ ብላ ማስታጠቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«በቀደም እለት በዚህ ሲያልፍ አይቼዋለሁ» አለች። «በመስኮት እጁን አውጥቶ ሰላም ብሎኛል።»

«መኪናው ብረቱ ተቆራርጦ ተሽጧል እኮ።»

«እንግዲያው ሌላ ይሆናል» አለች፤ አነጋገሯ ግን ሌላ ይሆናል ብላ እንደማታምን ነበር።

ክንፍ አመጣችልኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ ከተማ የሚቀርበው የፈረንጅ ዶሮ ክንፍ ለስላሳ የሆነው ዶሮው በሕይወቱ ሙሉ አንዴም ስላልበረረበት ነው። የሐበሻ ዶሮ ግን ሲመሽ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ክንፉ የሠራ ጡንቻ አለው፣ ይታኘካል፣ ይጣፍጣል። የሮቤው ከአዳማው በብዙ ይሻላል፤ ጌታሁን ግን ትቶት የሚሄደው እሱን ነው። ስወጣ አስተናጋጇ እስከ በሩ ሸኘችኝ። «ጎባ እማማ ወርቄን ጠይቅ» አለችኝ። «ጠዋት ጠዋት እሳቸው ጋ ነበር የሚቆመው።»

እሑድ

ከሮቤ ጎባ ሚኒባስ ደጋግሞ ይመላለሳል። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ገና ስገባ ጀምረው ፊቴን ያያሉ። በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ፤ ባለችኝ ጥቂት ኦሮምኛ መለስኩ።

«ልጄ፣ ስምህ ማን ነው?» አሉኝ በአማርኛ።

«ዮሴፍ። የት ያውቁኛል?»

«ፊትህን አውቀዋለሁ። ጭኔ ላይ ነበር» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ግን ዓይኑ ተከድኖ ነበር» አሉ።

ሌላ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት «ወራጅ» ብለው አስቆሙ። የወረዱበት ቦታ ላይ ቤትም መንገድም አይታይም፤ የገብስ ማሳ ብቻ ነው። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ዞሬ አየሁ፤ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ቆመው ነበር።

ጎባ ከሮቤ ከፍ ያለች፣ ያረጀችና ጸጥ ያለች ናት። የድሮ የክፍለ ሀገር ዋና ከተማ መሆኗ በጥዶቿና በሰፋፊ ግቢዎቿ ይታወቃል። አዳማ ውስጥ ሁለት ሰው ሲያወራ ለመሰማማት ይጯጯሃል፤ ጎባ ላይ ግን ሰው ሲያልፍ የጫማው ድምፅ ይሰማል። እማማ ወርቄ ከቅዳሴ ተመልሰው ነጠላቸውን ሳያወልቁ ምግብ ቤታቸው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ቤቱ ዝቅ ያለ የጭቃ ቤት ነው፤ መስቀል የተሳለበት ቆርቆሮ በሩ ላይ ተሰቅሏል። አዩኝና አልደነገጡም።

«አንተ ታናሹ ነህ» አሉኝ። «እሱ ግንባሩ ሰፋ ይላል። ግባ፣ ሰው ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ነው የከረምኩት።»

መጀመሪያ አስበሉኝ። ዶሮ ወጡ ላይ ፈረሰኛው ለእኔ ወጣ፤ ክንፍ ግን አልነበረም። ክንፉስ አልኳቸው።

«ክንፍ ለደንበኛ አላወጣም» አሉ። «ክንፍ የደረሰው ሰው እንደተሰደበ ነው የሚቆጣኝ። ‹አጥንት ሰጡኝ› ይላል። አስቀምጠው ነበር፣ ለወንድምህ። ጥሬውን በሎሚና በጨው አሽቼ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ። እሱ ይዞት ሰነቴን ይሻገራል።»

«ወዴት?»

«ማን ያውቃል? አንዴ ጠይቄው ነበር። ‹እማማ፣ ከነገርኩዎት ይቆጡኛል› አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩትም።»

ከዚያ የመጣሁበትን ጥያቄ ጠየቅኋቸው። ያን ቀን ጠዋት እርስዎ ጋ በልቶ ነበር?

እማማ ወርቄ የነጠላቸውን ጥለት አሻሹ። «ተው ይቅር» አሉ።

«እናቴ ናት የምትጠይቀው።»

«አልበላም። ቁርስ ብላ ብዬ ለመንኩት። ‹ሆዴን ለክንፌ ባዶ አድርጌ ነው የምሄደው› ብሎ ሳቀብኝ። ጥቅሉን አንሥቶ ወጣ። ይኸው ነው።»

ያን ቀን ሌላ ነገር ለማየት አልወጣሁም። እማማ ወርቄ ጓዳቸው ውስጥ አነጠፉልኝ፣ ጋቢያቸውን ደረቡልኝ፤ እኔ ግን እስኪነጋጋ ድረስ ለእናቴ የምነግራትን ቃል ስፈልግ ነበር። «አላገኘሁም» ልበላት? «በልቷል» ብዬ ልዋሽ? ጠዋት ላይ ጎረቤት ጠርተው ዶሮ አሳረዱ። ክንፎቹን በሎሚና በጨው አሽተው በኮባ ቅጠል ጠቀለሉና እጄ ላይ አኖሩ።

«እሱ ወደሚወስድበት ውሰደው» አሉ። «ቤቱን ካላገኘህ ደግሞ መልስልኝ።»

ሰኞ

ወደ ደሎ መና የሚሄድ ያረጀ የሕዝብ መኪና አገኘሁና ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ጥቅሉን ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ብዙም ሳንሄድ የሎሚው ውኃ ሱሪዬን አረጠበው። ሹፌሩ ክላክሱ እንደተበላሸ ከመነሻው ነግሮን ነበር። «ጉም ውስጥ እኔ በፉጨት ነው የምነዳው» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀ።

መንገዱ ከጎባ ሽቅብ ይወጣል። መጀመሪያ ጥድ፣ ቀጥሎ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ምንም። ሰነቴ ማለት ይኸው ምንም የሚባለው ነው። አዳማ ውስጥ ዓይን ሳይታገድ የሚያየው የሁለት ሕንጻ ክፍተት ብቻ ነው። እዚህ ዓይን የሚያርፍበት አጥቶ ይመለሳል። ጉሙ ሲከድነን የቀረው የጅብራው ተክል ብቻ ነበር። ጅብራ ቀጥ ብሎ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ ተክል ነው፤ ጉም ውስጥ ግን ተክል አይመስልም። መንገድ ዳር ተሰልፎ መኪና የሚጠብቅ፣ ጋቢ የለበሰ ሰው ይመስላል። ሲቀርቡት ቅጠል ይሆናል፣ ካለፉት በኋላ ደግሞ ተመልሶ ሰው ይሆናል። ቆጠር ቆጠር ማድረግ ጀምሬ ተውኩት፤ አንዱ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ።

ከአምባው ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁለት ስንጀምር አንድ ጠባብ ጠመዝማዛ ላይ ደረስን። ከኋላ የነበሩት ሴቶች «ቢስሚላህ» አሉ። ረዳቱ እጁን አውጥቶ በሩን ሁለት ጊዜ መታ።

«ምን ማለት ነው?» አልኩት ሹፌሩን።

«እዚህ ላይ ክላክስ ሁለቴ ይመታል። ሁሉም ይመታል። የኛ ስለማይሠራ በሩን መታልን።»

«ከታች ለሚመጣው መኪና?»

«ለእሱም» አለና ፉጨቱን ቀጠለ።

ከሰነቴ ማዶ የመጀመሪያው መንደር ስለሆነ ሪራ ላይ ብቻዬን ወረድኩ። መንደሩ ጫካው መሐል ነው፤ ከዛፎቹ እንደ ሽማግሌ ጺም የሸበተ የዛፍ ላይ ተክል ተንጠልጥሎ ይወርዳል፣ ዝናብ ባይዘንብም ከሁሉም ነገር ውኃ ይንጠባጠባል። አንድ በቅሎ የሚስብ ሰው አግኝቼ የክርስቲያን ምግብ ቤት የት ነው አልኩት።

«እዚህ? የለም» አለ በትሕትና። «እኛ ሁላችን ሙስሊም ነን። ጎባ ነው የምታገኘው።»

ቆሜ ቀረሁ። የምፈልገው ቤት የለም ማለት ነው። እግሬ ረጥቧል፣ ሱሪዬ የሎሚ ሽታ አለው፣ ለእናቴ የምወስደው መልስ ደግሞ «ባዶ ሆዱን ነበር» የሚል ብቻ ነው። መመለሻ መኪና ልጠብቅ ወደ መንገዱ ዞር ስል ከፊት ለፊቴ ያለ የእንጨት ቤት በር ተከፈተ። ሻሽ ያሰሩ ሴትዮ ወጡና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ መዳፋቸው ወደ ላይ ነው።

«ዛሬስ ገባህ» አሉ። «ኮቱ፣ ግባ። ክንፉን አምጣ።»

እውነቱን ልናገር፣ ጥቅሉን የሰጠኋቸው አስቤ አይደለም፤ እጄ ራሱ ሰጠ። ውስጥ ገባሁ። እሳቱ ተቀጣጥሎ ፍሙ ቀልቷል።

«እኔ እሱ አይደለሁም» አልኳቸው። «ወንድሙ ነኝ። እሱ ሞቷል።»

«አውቃለሁ» አሉ ጥቅሉን እየፈቱ። «የሞተ ሰው ጫማው አይረጥብም።»

ስማቸውን ስጠይቃቸው «ሃዳ ጀማል ይሉኛል» አሉ፤ የጀማል እናት ማለት ነው። ከግድግዳው ላይ፣ ከሌላው ዕቃ ተለይቶ በራሱ ምስማር የተሰቀለ፣ በጨርቅ የተሸፈነ መጥበሻ አወረዱ።

«ይሄ የሱ ነው» አሉ። «መጀመሪያ የመጣው በዝናብ ነው። ጥሬ ክንፍ በቅጠል ይዟል። ‹እናቴ፣ ያንቺን ሥጋ አልበላም፣ አንቺም የኔን አትበይም፤ እሳት ብቻ ስጪኝ› አለኝ። እሳትማ የማንም ነው ብዬ ሰጠሁት። በሚቀጥለው ሲመጣ መጥበሻ ይዞ መጣ። ከኔ ዕቃ ጋር እንዳይነካካ ይኸው ምስማር ሰጠሁት። ልጆቼ ይስቁብኝ ነበር፤ ‹እናታችን ምስማር አከራየች› እያሉ። ማሩን እኔ ነኝ የጨመርኩለት። ‹ይሄስ?› አለኝ። ማር ምን ሃይማኖት አለው? አልኩት።»

ጌታሁን ለምን እንዳልነገረን ያን ጊዜ ገባኝ። እናታችን ሙስሊም ቤት ሥጋ በላ ብላ እንዳትደነግጥ ነው። እኔም በክርስቲያን ቤቶች ሁሉ ስፈልገው የነበረው ክንፍ የየትኛውም ምግብ ቤት አልነበረም። ግማሹ የጎባ ነው፣ ግማሹ የሪራ ነው፤ አንዱን ቤት ብቻ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

«እሳቱን ለማን አቀጣጥለውት ነበር?» አልኳቸው።

«ክላክሱን ሰምቼ ነዋ። ጠመዝማዛው ላይ ሁለቴ ከመታ መጥበሻዬን ጣጂ ማለቱ ነው።»

«እኔ የመጣሁበት መኪና ክላክስ የለውም።»

ቅቤውን መጥበሻው ላይ ጣል አድርገው ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው የሱ ነው» አሉ፤ የጎረቤት ዶሮ ነው እንደማለት። «ከሞተ ወዲህም አንዳንዴ ይመታል፣ ግን አይገባም። የጠራኝ እንግዳ ነው፣ እሳት ማጥፋት ነውር ነው። አቀጣጥላለሁ።»

ኋላ ባለ በቅሎውን ስጠይቀው ከጠዋት ጀምሮ ከእኛ በቀር መኪና አላለፈም አለኝ። ድምፅ በጉም ውስጥ ሩቅ ይሄዳል፣ ገደልም ያስተጋባል፤ ለተማሪዎቼ እንዲህ ብዬ ነው የማስረዳቸው። ለእናንተም እንዲሁ አልኩ።

ያን ቀንስ? ብዬ ጠየቅኋቸው። እናቴ በልቶ ነበር ወይ ትላለች።

ሃዳ ጀማል ክንፎቹን እያገላበጡ ነገሩኝ። «ያን ቀን ሁለቴ መታ። ጣድኩ። ከዚያ የብረት ድምፅ ሰማን። ወንዶቹ ሮጡ፣ እኔም ሮጥኩ። መኪናው ተገልብጧል፣ እሱ ግን ሳሩ ላይ ዛፍ ተደግፎ ተቀምጧል። አየኝና ‹መጥበሻው ተጥዷል?› አለኝ። ተጥዷል አልኩት። ‹በይ እንዳያርር› አለ። ጥቅሉ ኪሱ ውስጥ ነበር። ወደ ጎባ የሚያደርሰው መኪና እስኪመጣ ሮጬ ጠብሼ አመጣሁ። እጁ አልታዘዘውም። በእጄ አጎረስኩት፣ አጥንቱን እየለየሁ፣ አንዷን ክንፍ ሙሉዋን በላ። ‹ማሩ ዛሬ በዝቷል› አለኝ። ‹ሁለተኛዋን ስመለስ› አለ። ከዚያ መኪናው መጣ። አንድ ሽማግሌ ራሱን ጭኑ ላይ አድርጎ ያዘው።»

የሚኒባሱ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ።  ሁለተኛዋስ አልኳቸው።

«እኔ አልበላት። ልጆቼ አይበሏት። ለውሻ መስጠት ደግሞ ከበደኝ። ጓሮ ቀበርኳት።» በጓሮው በር አሳዩኝ፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጭኖበታል። «እዚህ ጅቡ የሞተ ጫጩት እንኳ ቆፍሮ ነው የሚያወጣው። ያንን ግን እስከ ዛሬ አልነካውም።»

ክንፉ ወጣ። ቆዳው ቀልቶ ተሰነጣጥቋል፤ ሚጥሚጣው ቀድሞ ይመጣል፣ ከኋላው የጫካው ማር፣ መጨረሻ ላይ የእማማ ወርቄ ሎሚ። ወደ አፌ ላስጠጋ ስል ከላይ፣ ከጠመዝማዛው በኩል፣ ክላክስ ሁለት ጊዜ ተመታ። ቀና አልኩ። ሃዳ ጀማል ወደ በሩ ሳይዞሩ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ፤ ትርጉሙን ሲነግሩኝ «ቀርቧል፣ ግባ» ማለት ነበር። ጠበቅን። መኪና አላለፈም። በሩ ላይ ጉም ገባ እንጂ ሌላ አልገባም።

«ብላ» አሉኝ። «ይበርዳል።»

በላሁ። ሁለተኛዋን ላነሣ ስል እጄን ያዙኝ። በኮባው ቅጠል መልሰው ጠቀለሏት። «ይቺ የእናትህ ናት» አሉ። «በዚህ ጊዜ አልቀብርም።»

ማክሰኞ

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቡና በጫነ መኪና ሰነቴን ተሻግሬ ጎባ አደርኩ። እማማ ወርቄ ሁሉንም ሰምተው መጨረሻ ላይ የተናገሩት «እኔ ቁጣ አውቃለሁ እንዴ? ሞኝ ልጅ» ብቻ ነው፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ማክሰኞ ሲነጋ ሮቤ ወርጄ አውቶቡስ ተሳፈርኩና ቀኑን ሙሉ ተጓዝኩ። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ የቤቱን ነገር ልዝለለው? ለእናቴ በላ ካልኳት አይበቃትም? አሰላን ወርደን ሙቀቱ ሲቀበለን ገና አልወሰንኩም ነበር።

ስደርስ ጀንበር እየጠለቀች ነው። እናቴ በር ላይ ተቀምጣለች። ጥቅሉን ጭኗ ላይ አኖርኩላት።

«ምንድን ነው?»

«የጌታሁን ክንፍ።»

በተራ ነገርኳት፣ እንደ ልማዴ፣ ከአስተናጋጇ ጀምሬ። ሪራ ስደርስ ቆምኩ።

«ቀጥል» አለችኝ።

«ሴትዮዋ ሙስሊም ናቸው፣ እማዬ። መጥበሻው ግን የራሱ ነበር። እሳቸው ናቸው በእጃቸው ያጎረሱት። አንድ ክንፍ ሙሉ በልቷል።»

ጥቅሉ ላይ እጇን አሳረፈች። የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል።

«ስማቸው ማን ነው?»

«የጀማል እናት ነው የሚባሉት።»

«እናት ናቸዋ» አለች። ቅጠሉን ፈታች፤ ክንፏን አገላብጣ አየቻት። «ነገ ረቡዕ ነው» አለችና በላች። አጥንቱ ላይ ምንም አልቀረም። ከጨረሰች በኋላ ጣቷን ቀመሰችና «ማሩስ በዝቷል» አለች። ጌታሁን እንደዚያ ማለቱን ግን ገና አልነገርኳትም ነበር።

እንግዲህ ክንፉን ሞክሩት። የሐበሻ ዶሮ ይሁን፤ በሎሚና በጨው አሳድሩት፣ በቅቤ ጥበሱት፣ ሚጥሚጣ ነስንሱበት፣ ማሩን ከእሳት ሲወርድ ብቻ አፍስሱበት። በቤታችሁ ጥሩ ይወጣል። የሚሻለው ግን መሄድ ነው። ጥሬውን ከጎባ ይዛችሁ ሰነቴን ተሻገሩ፣ ቁልቁለቱ ሲጀምር ያለው ጠመዝማዛ ላይ ክላክስ ሁለቴ ምቱ፤ መጥበሻው ይጣዳል። አደራ ግን፣ መትታችሁ አትለፉ። ግቡላቸው።